መቀነት የሌላት ሰባት

መምህር ታፈረ ያረፉ ዕለት አያ ካሳ ደወሉን ሳይደውሉ ቀሩ። አያ ካሳ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው፤ ደወላችንም ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። መርዶውን በር ላይ ሰምተው፣ የሚመቱበትን ብረት እንደያዙ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ሁለተኛውን በላው። እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ሜዳ ላይ ዘጠነኛ ክፍሎችን ሳሯሩጥ ነበር። ልጆቹ ምላሳቸው ወጥቶ "ቲቸር፣ ዛሬ ክፍለ ጊዜው አያልቅም እንዴ?" ሲሉኝ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ሄጄ ብጠይቃቸው "መምህር አርፈዋል" አሉኝ። የትኛው መምህር ብዬ አልጠየቅሁም። ሰቆጣ መምህር ሞልቷል፤ ስም ሳይጨመርበት "መምህር" የሚባሉት ግን አንድ ሰው ነበሩ።

መጀመሪያ አለቀስሁ፤ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ደወል ሳይደወል መቅረቱን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለኋ! "እኔ ብሞት ለራሴ ነው፤ ደወሉ ምን አጠፋ?" ይሉ ነበር።

ፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝናብ ኖረም አልኖረ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው። ጥያቄ ሲጠየቁ መጀመሪያ ጠመኔ የነካውን ጣታቸውን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው "እፍ" ይሉታል። ከዚያ "ቆይ፣ አጣርቼ" ይላሉ። አንድ መንገደኛ "አምደወርቅ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" ቢላቸው "በእግር ነው በመኪና? አህያ ይዘሃል? ስትሄድ ነው ስትመለስ?" ብለው ሰውየውን መንገዱ ላይ ገትረውት ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ስትሄድና ስትመለስ አንድ አይደለም፤ ዳገቱ አለ።

ሌላው አመላቸው ሰባት ቁጥር ነው። ሰባት ሲጽፉ ወገቧ ላይ አግድም መስመር ያሰምሩባታል። "ሰባት መቀነቷን ካልታጠቀች ከአንድ ጋር ትምታታለች" ይላሉ። መቀነት የሌላት ሰባት የጻፈ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ወላጅ መጥቶ ቢለምን፣ ርዕሰ መምህሩ ቢለምን፣ አይመለሱም። እኔንም በዚችው ሰባት ስንት ጊዜ ገሥጸውኛል። "ስፖርት" ነበር የሚሉኝ። "አንተ ስፖርት፣ ይህች ሰባት ነች ወይስ የቆመ ዱላ?"

እንግዲህ ወደ ጀልባዋ ልምጣ። አንድ የፕሮጀክት ቢሮ ሲዘጋ ዕቃውን ለትምህርት ቤታችን አከፋፈለ፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ በመጨረሻም አንድ አሮጌ የቀዘፋ ማሽን። ወንበሩ በሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ እጀታውን ስትስበው ሰንሰለቱ አንድ ትልቅ ማራገቢያ ያዞራል፤ ማራገቢያው እየጮኸ ነፋስ ይተፋል። የወሰዳት ሰው ባለመኖሩ እኔ ጋር፣ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ገባች። ልጆቹ "ውኃ የጠማት ጀልባ" አሏት፤ ጀልባ ሆና ቀረች።

ጀልባዋ አንድ ጉድለት ነበረባት። ስክሪኗ ላይ የሚታየው ዋት ብቻ ነው። የምትስብበትን ጉልበት ትነግርሃለች፤ አምስት መቶ ሜትሩን በስንት ደቂቃ እንደምትሄድ ግን ትንፍሽ አትልም። ቁልፉን ብትጫነው፣ ብትደበድበው፣ ብትለምነው ምላሽ የለም። ማንም ስላልቸገረው ዝም ብለን ኖርን፤ ትርንጎ እስክትመጣ ድረስ።

ትርንጎ የደሃና ወረዳ ልጅ ናት። እናቷ አምደወርቅ ይኖራሉ፤ እሷ ሰቆጣ ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ውጤት አልመጣላትም። ጓደኞቿ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ጓዛቸውን ጠቅልለው የእሷን ቃል ብቻ ይጠብቁ ነበር። በመሀል ባሕር ዳር ያለ አንድ የስፖርት ማሠልጠኛ ለጀልባ ቀዘፋ ሴቶችን እንደሚመለምል ማስታወቂያ ወጣ። ፈተናው በቀዘፋ ማሽን ላይ ሁለት ሺህ ሜትር ነው፤ እያንዳንዱ አምስት መቶ ሜትር ከሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ያለፈች አልጋና ምግብ ተሰጥቷት ትሠለጥናለች። ትርንጎ ወረቀቱን ይዛ መጣችና "ቲቸር፣ የእኛዋ ጀልባ ላይ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ስንት ዋት ነው?" አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ! ወደ መምህር ሄድሁ።

መጥተው ማሽኗን ዞሯት፤ ተንበርክከውም አዩዋት። ከሐዲዱ ሥር ግማሹ የተቀደደ ወረቀት ተለጥፎ አገኙ። "100 ዋት፣ 2፡32" ይላል። መቶ ዋት እየሳበ የሚቀዝፍ ሰው አምስት መቶ ሜትሩን በሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሁለት ሰከንድ ይጨርሳል ማለት ነው። የቀረው መስመር ተቀዷል።

"ከዚች አንድ መስመር ሌላውን ማውጣት ይቻላል" አሉ። "አንዱ መንገድ የአህያ ስሌት ነው። አንድ አህያ ሁለት ጊዜ የምትመላለስበትን እህል ሁለት አህዮች ባንድ ጊዜ ያደርሱታል፤ ጉልበቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ግማሽ ይሆናል።" በዚያው አስልተው ረቂቅ ሠንጠረዥ ሠሩ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር በመቶ አሥራ ሰባት ዋት ወጣ። ከዚያ ጣታቸውን "እፍ" አሉና "አልጣመኝም" አሉኝ። "ነገ ለሥልጠና ወልዲያ እሄዳለሁ። ስመለስ አጣርቼ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ለማንም እንዳታሳይ።"

"እሺ መምህር" አልሁ።

አይ እኔ! ትርንጎ በየቀኑ ትመጣለች፤ ጓደኞቿ በየቀኑ ይደውላሉ፤ መምህር የሉም። በሦስተኛው ቀን ረቂቁን በትልልቅ ቁጥር በካርቶን ላይ ገልብጬ ከጀልባዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። ምን ይመጣል ብዬ ነው? የመምህር ቁጥር እኮ ነው፤ የመምህር ረቂቅ ከሌላው ሰው ንጹሕ ቅጂ ይሻላል ብዬ። "መቶ አሥራ ሰባት ነው፤ ያዥው!" አልኋት።

ያዘችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መቶ አሥራ ሰባትን ከዘጠኝ ደቂቃ ለሚበልጥ ጊዜ ሳትለቅ ቀዘፈች። የዚያን ቀን እዚያው ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ለጓደኞቿ ደወለችና "እኔ ቀርቻለሁ፤ እናንተ በሰላም ሂዱ" አለቻቸው። ሄዱም።

መምህር ከወልዲያ በተመለሱ ማግስት ወደ ክፍሌ ብቅ ሲሉ ትርንጎ እየቀዘፈች ነበር። ግድግዳውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ።

"ደርሻለሁ እኮ ቲቸር!" አለቻቸው ትርንጎ፣ መሳቡን ሳታቆም። "መቶ አሥራ ሰባት። ጉዞውንም ተውሁት።"

"ትንፋሽሽ እንዴት ነው?"

"ኧረ ምንም አይለኝም! ዘፈንም ብዘፍን..."

"ምንም አይልሽም?" አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ የሆነውን ሰቆጣ እስካሁን ታወራዋለች። መምህር ታፈረ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው፣ ጃንጥላቸውን ከፍተው ከፊታቸው እንደ ጋሻ ይዘው ሜዳውን መሮጥ ጀመሩ። መጀመሪያ በሶምሶማ፣ ቀጥሎ ባላቸው አቅም ሁሉ። ይመለሳሉ፤ ይቆማሉ፤ ደረታቸውን ይዘው ያለከልካሉ፤ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ደግሞ ይሮጣሉ። ተማሪው በየመስኮቱ ተንጠልጥሎ ያጨበጭባል። አያ ካሳ "መምህርን ምን ነካቸው? ጠበል ይሻላል" እያሉ ከኋላቸው ይከተላሉ። በአራተኛው ዙር ጃንጥላው ተገለበጠ። መምህር የተገለበጠውን ጃንጥላ ይዘው፣ ላብ እየተንጠፈጠፈባቸው፣ ወደ እኔ መጡና "ስፖርት፣ ነፋስ አህያ አይደለም!" አሉኝ።

እኔንና ትርንጎን ማሽኗ አጠገብ አስቀምጠው አስረዱን። "እጥፍ ብትፈጥኚ ነፋሱ የሚገፋሽ በእጥፍ አይደለም፤ በአራት እጥፍ ነው። ያንኑ ግፊት ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ነው የምትገፊው። ሁለት በሁለት በሁለት፣ ስምንት! እጥፍ ለመፍጠን ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ማራገቢያዋም የምትስበው ነፋስ ነው፤ ውኃም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ከአሥር መቶ አሥራ ሰባት አይደለም። መቶ ስልሳ ነው።"

ትርንጎ እጀታውን ለቀቀችው። "አሁን እኔ ስንት ላይ ነኝ?"

"ሁለት ደቂቃ ከሃያ አራት።"

"ጓደኞቼ ሄደዋል እኮ" አለች በቀስታ። ለፈተናው የቀረው ስድስት ሳምንት ነበር።

መምህር ወደ እኔ ዞሩ። ጣታቸውን "እፍ" አሉና ጠበቁ። አሁን ሳስበው በደንብ ነው የጠበቁኝ። "ለማንም አታሳይ ብለውኝ ነበር፤ የለጠፍሁት እኔ ነኝ" ለማለት የሚፈጀው የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ነው፤ አልወጣኝም። ልጅቷ እኔን የምታየው እንደ አባት ነበር፤ አፈርሁ። መምህር ቀይ ስክሪብቶ አወጡና ካርቶኑ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አሰመሩበት፤ ከሥሩም "ስሕተት። ታፈረ" ብለው ጻፉ። አልቀደዱትም። አዲሱን ሠንጠረዥ አጠገቡ ለጠፉት። "ስሕተት ካልታየ ይደገማል" አሉ።

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። የት! በማግስቱ ጠርተውኝ "አንዲት ልጅ በእኔ ቁጥር መንገዷን ለውጣለች። በአፍ ይቅርታ ብቻ አይበቃም፤ ሽማግሌ እልካለሁ" አሉኝ። እኛ አገር በዳይ ተበዳይ ቤት ሽማግሌ ይልካል፤ ያ ግን ለሰው ደም፣ ለድንበር፣ ለተጣላ ጎረቤት ነው። ለሒሳብ ሽማግሌ ሲላክ ሰምቼ አላውቅም። የሚላኩትን ሦስት ሽማግሌዎችም ነገሩኝ። ቄስ ሞላ፣ አያ ካሳና እኔ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሚኒባስ አምደወርቅ ገባን። የትርንጎ እናት እትዬ ብርነሽ ሦስት ነጠላ የለበሱ ሰዎች ደጃቸው ላይ ተሰልፈው ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

"ግቡ! ኧረ ግቡ! ተቀመጡ!"

"ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ቄስ ሞላ፣ እንደ ወጉ። "ተልከን ነው የመጣነው።"

እትዬ ብርነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለሰንበት መጥታ ጓዳ በር ላይ ወደቆመችው ልጃቸው ዞር ብለው በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አሏት፤ ትርንጎ ትከሻዋን ነቀነቀች።

"ማን ነው የላካችሁ?"

"መምህር ታፈረ ናቸው።"

እትዬ ብርነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "መምህር ታፈረ? እኒያ ጃንጥላ የሚይዙት? ኧረ በሥላሴ! ልጄ እኮ ገና ሃያ ዓመቷ ነው! እሳቸው እኮ እኔንም አስተምረውኛል!"

"ለጋብቻ አይደለም እትዬ" አሉ አያ ካሳ፤ "ለቁጥር ነው።"

"ለምን?"

"ለቁጥር።"

ቄስ ሞላ ነገሩን ዘርዝረው ሲጨርሱ ሳቁ ጠፋ። እትዬ ብርነሽ ልጃቸው የቀረችው በተሳሳተ ቁጥር ተማምና መሆኑን ያኔ ነው የሰሙት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጅቷን በኽምጣኛ ጠየቋት፤ እሷም መለሰች። ቄስ ሞላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ተረጎሙልኝ። "'ትችይዋለሽ?' አሏት። 'አላውቅም፤ ግን ትንፋሽ ተርፎኛል' አለች።"

ትርንጎ ከጓዳው በር ወደ እኛ መጣች። "ይቅር ለእግዜር" አለች። "ለላኪውም፣ ለተላኩትም።"

ሁላችንም "እሰይ!" ብለን ተቀመጥን። እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም። የቀረበልኝን ጠላ ሳልቀምስ አስቀመጥሁት።

ስድስቱ ሳምንት የሥራ ሳምንት ነበር። መቶ አሥራ ሰባትን እያወጋች ነበር የምትስበው፤ መቶ ስልሳ ግን ያስቃትታት ጀመር። መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ፣ ከዚያ ቆመ፤ ለአንድ ሳምንት ሙሉ ከመቶ አርባ ስምንት አልነቃነቅ አለ። ትርንጎ እጀታውን ወርውራ አለቀሰች። መምህር ኮታቸውን አወለቁ፤ ከረባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ፤ ጀልባዋ ላይ ወጡ። ማራገቢያዋ ለእሳቸው ብዙም አልጮኸች። ወረዱና ሠንጠረዡን አዩ። "አርባ ዋት። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ስድስት። በዚህ አያያዜ ጣናን ስሻገር ሁለት ጾም መሀል ላይ ይይዘኛል።" ትርንጎ ከእንባዋ መሀል ሳቀች፤ ተመልሳም ተቀመጠች። በማግስቱ መቶ ሃምሳ ሦስት ሳበች።

በፈተናው ቀን እኔ፣ መምህርና አያ ካሳ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ስልክ ከፊታችን አስቀምጠን ተቀመጥን። ስልኩ ሲጮኽ መምህር እንዳነሣው በጃንጥላው ጎሸሙኝ። ድምፅ ማጉያውን ከፈትሁት።

"ሁለት ደቂቃ ከዘጠኝ! ቲቸር፣ አልፌያለሁ! ሁለት ከዘጠኝ!"

እኔ ዘለልሁ፤ ጮኽሁ፤ አያ ካሳን አቀፍኋቸው። መምህር ጣታቸውን "እፍ" አሉ።

"ዋቱስ?"

"ምን አሉኝ?"

"ዋቱ ስንት ነበር? የእነሱ ስክሪን ሁለቱንም ያሳያል።"

"መቶ ስልሳ ሦስት!"

ግድግዳውን አዩ። የእሳቸው ሠንጠረዥ ለሁለት ደቂቃ ከዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ይላል። "አንዷን ዋት የት አደረስኋት?" አሉ ተጨንቀው። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። "ትርንጎ፣ ደግሞ ሽማግሌ ልላክ ወይ?" የሷ ሳቅ ከባሕር ዳር እስከ ሰቆጣ ተሰማ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ጠመኔ ገባብኝ አሉ።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፏል። ትርንጎ ዛሬ ባሕር ዳር ትናንሽ ሴቶችን ታሠለጥናለች። መምህር ጡረታ ወጡ፤ አልፎ አልፎ እየመጡ ጀልባዋ ላይ አርባ ዋታቸውን ይስቡ ነበር። እኔም ስንት ጊዜ ልነግራቸው አስቤ፣ ስንት ጊዜ "ሻይ እንጠጣ መምህር" ብዬ ይዣቸው ወጥቼ፣ ስለ ዝናብ አውርተን ተለያይተናል። ከዚያ አያ ካሳ ደወሉን ሳይደውሉ ቀሩ፤ የምነግራቸው ሰው ጠፋ።

ትርንጎ ለአርባቸው መጣች፤ እናቷ ዘንድ አረፈች። አላስችል አለኝ። ቄስ ሞላንና አያ ካሳን ለምኜ አምደወርቅ ላክኋቸው። እኔ በዳይ ነኝና ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ፤ እንደ ወጉም ድንጋይ ተሸከምሁ። የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ትንሽ ድንጋይ ማንሣት አሳፍሮኝ ትልቁን መርጬ ኖሮ፣ አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። ከውስጥ የእትዬ ብርነሽ ድምፅ ተሰማኝ። "እናንተ ሰዎች! ደግሞ የምን ቁጥር ተሳሳታችሁ?"

ትርንጎ ብቻዋን ወጣች። ድንጋዩን ከትከሻዬ ራሷ አወረደችው። ጉልበቷ የታወቀ ነው።

"የለጠፍሁት እኔ ነኝ" አልኋት። "መምህር አታሳይ ብለውኝ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ካርቶኑ ላይ መቶ አሥራ ሰባት ሲጻፍ ሰባቷ መቀነት አልነበራትም። መምህር እንዲያ ይጽፋሉ?" ሳቅ አለች። "ያኔ ሽማግሌ ሆናችሁ የመጣችሁ ለት ልጠይቃቸው አስቤ ተውሁት። ባሕር ዳር ልሄድ ስል ጠየቅኋቸው። 'ታውቂያለሽ?' አሉኝ። 'አውቃለሁ' አልኋቸው። 'እንግዲያው ዝም በይው፤ ራሱ ይመጣል' አሉኝ።"

"ስድስት ዓመት ሙሉ?"

"እኔም ቆየ ብያቸው ነበር እኮ፤ ባለፈው ዓመት ስመጣ። 'ስፖርትን አታስቸኩይው፤ እጥፍ ይፍጠን ካልሽ ስምንት እጥፍ ይከብደዋል' አሉኝ።"

እዚያው አጥሩ ሥር፣ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እትዬ ብርነሽ ከውስጥ "ከታረቃችሁ ግቡ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ!" እያሉ ይጣራሉ።

ሰኞ ጠዋት የዕቃ ክፍሉን ከፈትሁ። ካርቶኑ እንደተለጠፈ ነው፤ ቀዩ መስመርም፣ "ስሕተት። ታፈረ" የሚለውም። ምላጭ ይዤ የእሳቸውን ስም ቀስ ብዬ ፋቅሁት፤ በቦታውም የራሴን ጻፍሁ።